ባላምባራስና ስምንቱ በርሜሎች

አሰብ ውስጥ የሚፈራ ነገር ሞልቷል። በሰኔ ጥላ ራሷ ጥላ ፍለጋ የምትሄድበት ሙቀት አለ፤ የቆርቆሮ ጣራ ነቅሎ ለየመን ሰው በስጦታ የሚያደርስ ንፋስ አለ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት በአውሮፕላን የሚመጣ ደብዳቤ አለ። ውሃ አዳዩ ሣህሉ ወሰኔ ግን ሙቀቱንም ንፋሱንም ለምዷቸው ነበር። እሱ ነፍሱ እስክትወጣ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ፈረስ ላይ መውጣት። ክፋቱ ደግሞ እንጀራው በፈረስ ነው።

ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቧንቧ ላልገባላቸው ቤቶች ውሃ ሲያድል የኖረው ባላምባራስ ከሚባል አመድማ ፈረስ ጋር ነው። ማዕረጉን የሰጠው ከደሴ መጥቶ ሻይ ቤት የከፈተው ሳኒ ነበር፤ ፈረሱ ሲራመድ ከኋላው አሽከር የተሰለፈለት ይመስላል ብሎ። ሹመቱ ይነሣ ብሎ ያመለከተም የለም። ባላምባራስ ጋሪውን ይጎትታል፤ ሣህሉ ከጎኑ በእግሩ ይሄዳል። "ለምን አትወጣበትም?" ሲሉት "ምስኪን ነው፣ ይደክመዋል" ይላል። ሰውም ለእንስሳ እንዲህ የሚያዝን ሰው አይተን አናውቅም እያለ ያደንቀዋል።

ደንበኞች ባዶ በርሜላቸውን ደጃፍ ላይ ያቆማሉ። ባላምባራስ በርሜል ካየ ቀጥ ነው። ሣህሉ ውሃውን ሞልቶ ሲጨርስ፣ እቤት ያለው ሰው ወጥቶ እንዲከድነው በርሜሉን በመዳፉ ሦስት ጊዜ ይመታል። ፈረሱ የሚነቃነቀው ሦስተኛውን ምት ሲሰማ ብቻ ነው። ሁለት ቢመቱለት አይሄድም። ቢለምኑት አይሄድም። አንድ ቀን የመርከብ ፊሽካ ድንገት ሲጮህ ሦስት ግመልና አንድ ፖሊስ በርግገው እስከ በይሉል መንገድ ሲሮጡ፣ ባላምባራስ የነመሪማ በርሜል አጠገብ ቆሞ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ሣህሉ የእንጅባራ ሰው ነው። አገው ምድር ተወልዶ ፈረስ አለመጋለብ ባሕር ዳርቻ ተወልዶ ዓሣ አለማወቅ ነውና፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ የጉግስ ወሬ ይጠይቀዋል። እሱም አያሳፍርም። አሰብ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት በጉግስ ሦስት ሰው ጥሎ እንደነበር አወራ። በአምስተኛው ዓመት ሦስቱ ሠላሳ ሆኑ። በዐሥረኛው ዓመት ሠላሳውም ከነፈረሳቸው ወደቁ።

እውነቱን ብንናገር የወደቀው ሰው አንድ ነው፤ አባቱ። የጊዮርጊስ ዕለት፣ በጉግስ ሜዳ፣ ሣህሉ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ ዓይኑ እያየ። መውደቁ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እግሩ ከእርካቡ ሳይወጣ ቀረና ፈረሱ ከሜዳው ጫፍ እስከ ወንዙ ጎተተው፤ ከወንዙ ዳር ያነሡት ሬሳውን ነው። ከዚያ ወዲህ ሣህሉ እርካብ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

በ1964 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያ የሚፈራው ደብዳቤ በአውሮፕላን መጣ። የቧንቧው ሥራ ሊያልቅ ስለሆነ፣ ይላል ደብዳቤው፣ አገልግሎታቸውን የጨረሱ ንብረቶች ይወገዱ፤ ሁለት የተሰበሩ ወንበሮች፣ አንድ የዛገ ፓምፕ፣ አንድ ፈረስ። ወንበሮቹ ለማገዶ ሄዱ። ፓምፑ ጉድጓድ ተገኘለት። ፈረስን ማስወገድ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ምንሽር ያውቃል። ማንስ ይውሰደው? አፋሮቹ ለዚህ አገር የተፈጠረ ግመል አላቸው፤ የፈረስ ሣር ግን ከደጋ በካሚዮን ነው የሚመጣው።

ሣህሉ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ተክለጻድቅ ፊት ቀረበ።

"ጌታዬ፣ ባላምባራስ እኮ የጋሪ ፈረስ አይደለም።"

"ታዲያ የምን ነው?"

"የ... የግልቢያ ነው።"

"ማን ጋልቦት ያውቃል?"

ሣህሉ አፉን ሳይከፍት የቢሮው ጸሐፊ ሙሉአለም ከጥግ ሆኖ መለሰለት፤ "ኧረ ጌታዬ፣ ሣህሉ እኮ ሠላሳ ሰው ከነፈረሱ የጣለ ጀግና ነው።"

አቶ ተክለጻድቅ የአሰብ ፈረሰኞች ክበብ ጸሐፊ ነበሩ። ክበቡ አራት ፈረስና ዐሥራ አንድ ሊቀ መንበር አለው። ጥር አጋማሽ ላይ የአረማመድ ውድድር ሊያደርግ ተዘጋጅቷል። ሩጫም ዝላይም አይደለም። ፈረሰኛው በገመድ የታጠረ ሜዳ ገብቶ፣ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዳኛውን እጅ ይነሣል፤ ከዚያ ዙሪያውን በተተከሉ፣ ፊደል በተጻፈባቸው ስምንት ጣውላዎች በኩል ፈረሱን እንደ ሙሽራ እያራመደ፣ ሲባል በሶምሶማ እየሄደ፣ ዞሮ መጥቶ እንደገና እጅ ነሥቶ ይወጣል።

"ይግባ እንግዲህ" አሉ አቶ ተክለጻድቅ። "ዳኛው ሲኞር ብሩኖ ፈረሱ ለክበቡ ይበቃል ካሉ ጋጣ ይሰጠዋል። አይበቃም ካሉ ደብዳቤው ይፈጸማል። መቼም አንተን የመሰለ ጋላቢ ይዞ አይወድቅም።"

ሣህሉ ከቢሮው ሲወጣ ግድግዳ ይዞ ነው የወጣው።

ሲኞር ብሩኖ ያረጀ የጨው ማሽን መካኒክ ነው፤ ባሕር ዳርቻው ላይ ልምምዱንም የሚያሳየው እሱ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሣህሉ ፈረሱ ጀርባ ላይ የወጣው ከሻይ ቤት በተዋሰው ወንበር ነው፤ ሳኒ ወንበሩን ይዞ፣ የክበቡ ዘበኛ ፈረሱን ይዞ፣ ሣህሉ ደግሞ ሁሉንም ቅዱሳን ይዞ። ፈጀ ቢባል ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ለሳኒ ግን አንድ ረመዳን ፈጅቷል።

"ወላሂ ሣህሉ፣ ሠላሳውን ሰው የጣልከው በወንበር ወጥተህ ነው?"

"ያኔ ወንበሩ ከፍ ያለ ነበር።"

"እግር!" ይላል ሲኞር ብሩኖ። "እግር እርካብ ውስጥ! ፒያኖ፣ ፒያኖ፤ ቀስ በል።"

ሣህሉ ግን እግሩን እንደ ተሰቀለ ሥጋ አንጠልጥሎ ይቀመጣል እንጂ እርካቡን አይነካም። "የእኛ አገር አጋላለብ ነው" ብሎ ሸወደው። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ድምፁ ወደብ ድረስ ይሰማል፤ እሱ በብርድ አሳበበ። አሰብ ውስጥ በርዶት የሚያውቅ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አልቀረም።

ሣህሉ የፈረንጅ ፊደል አያነብም። ሲኞር ብሩኖ ፊደሎቹን በጣውላ ላይ ጽፎ በየዱላው ሲተክላቸው፣ ሣህሉ በደንበኞቹ ስም አጠናቸው። የመጀመሪያው ጣውላ የነረቢዓ ቤት ነው፤ ቀጥሎ የነመሪማ፤ ማዕዘኑ ላይ የእማማ ባዩሽ። ሶምሶማ ከእማማ ባዩሽ እስከ ኑህ ሱቅ። እየጮኸ ስም ሲጠራ ባላምባራስ ጆሮውን ያቆማል፤ ወዲያና ወዲህ ያያል፤ በርሜል ስለሌለ መንገዱን ይቀጥላል። በሁለት ወር ውስጥ ፈረሱ ከክበቡ አራት ፈረሶች ሳያንስ ተራመደ። ጋላቢው ብቻ አልተለወጠም።

"አንተ ሰው፣ ተኝተህ ትጋልባለህ" አለችው ሚስቱ ታደለች አንድ ማለዳ። "ጎኔን በእርግጫ ጨረስከው።"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገራት፤ አባቱን፣ እርካቡን፣ የሠላሳውን ሰው ውሸት። ታደለች ጎኗን እያሻሸች ሰማችው።

"ተወው እንግዲያው።"

"ከተውኩት ዘበኛው ምንሽሩን ይወለውላል። ዐሥራ ስምንት ዓመት አብሮኝ ውሃ የሞላ ፍጥረት ነው፣ ታዱ። ሲወስዱት ዞር ብሎ ቢያየኝ ምን እለዋለሁ?"

ታደለች ተነሥታ ወጣች፤ ከጎረቤት ጀልባ ሠሪ ከሣህሉ እግር ሦስት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ተውሳ ተመለሰች።

"ይህን አድርግ። እርካቡ ቢይዘው ጫማው ይቀራል፣ እግርህ ይወጣል።"

የውድድሩ ዋዜማ ንፋስ ተነሣ። እንዴት ያለ ንፋስ ነው ቢሉ፣ ከሲኞር ብሩኖ ስምንት ጣውላዎች አንዱ ራሔይታ መንደር ድረስ ሄዶ ፍየል ሲያሳድድ ታይቷል ይባላል። ጠዋት ሜዳው ራቁቱን ቀረ። የክበቡ ዘበኛ ብልህ ሰው ነውና ከነዳጅ ማከማቻ ስምንት ባዶ በርሜል አምጥቶ፣ በየበርሜሉ ፊደሉን በጠመኔ ጽፎ፣ ከገመዱ ወዲያ ደረደራቸው። ሣህሉ ይህን አላየም። እሱ በዚያ ሰዓት ከጋጣው ጀርባ ግንባሩን አፈር አስነክቶ ይጸልይ ነበር።

ተራው ደርሶ በወንበር አውጥተውት ሲገባ፣ ሕዝቡ በሙሉ ሠላሳ ሰው የጣለውን ጀግና ሊያይ አፉን ከፍቷል። ባላምባራስ መሀል ላይ ቆመ፤ ሣህሉ እጅ ነሣ። ደኅና። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ፊደል ታጠፉ፤ የነረቢዓ ቤት ያውም በርሜሉን ይዞ ቆሟል።

ባላምባራስ ቀጥ አለ።

ሣህሉ በርሜሉን አየ፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ስምንቱንም። ደሙ ከራሱ ወርዶ ጫማው ውስጥ ተጠራቀመ፤ መቼም ጫማው ሰፊ ነው። ተረከዙን ነካ አደረገ። "በል የኔ ጌታ" አለ። ለመነ። ፈረሱ የሚጠብቀው ሦስት ምት ነው፤ በርሜሉ ደግሞ ከገመዱ ወዲያ ነውና ከላይ ሆኖ በእጅም በእግርም አይደረስበትም። ሳኒ ሊረዳው አንድ እግሩን ሲያነሣ የክበቡ ዘበኛ "የውጭ ሰው አይገባም" ብሎ መለሰው።

በሜዳው ዳር አቶ ተክለጻድቅ ሰዓታቸውን ሲያዩ ሣህሉ አየ። ከአጠገባቸው የቆመውን የመሥሪያ ቤቱን ዘበኛ ትከሻም አየ፤ ምንሽሩ አለ።

ተንሸራቶ ወረደ። በገመዱ ሥር እጁን አሹልኮ በርሜሉን አንድ፣ ሁለት ጊዜ መታና እጁ በአየር ላይ ቀረ። ሦስተኛውን ከመታ ፈረሱ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ልጓሙን በክንዱ ጠቀለለ፤ ሦስተኛውን መታ፤ ፈረሱ ሲነቃነቅ "ቆይ" ብሎ ያዘው። ወንበር የለም። ሳኒ የለም። ያለው እርካብ ነው።

ዐይኑን ጨፈነ። የአባቱ ነጭ ጋቢ አቧራ ውስጥ ሲጎተት ታየው፤ ገለጠው። እግሩን ብረቱ ውስጥ ሲያስገባ የሰማው ድምፅ የራሱ ልብ ይሁን የወደቡ ሞተር እስከ ዛሬ አልለየውም። ተንጠለጠለ፣ በሆዱ ተጋደመ፣ ተገለበጠ፣ ተቀመጠ። ሣህሉ ተስተካክሎ እስኪቀመጥ ድረስ ባላምባራስ አልተላወሰም። ሕዝቡ ሳቀ።

ከዚያ የነመሪማ በርሜል። ፈረሱ ቆመ፤ ሣህሉ ወረደ፤ መታ፤ ወጣ። በእማማ ባዩሽ ማዕዘን ላይ የሚስቀው ሰው ቀነሰ፤ ፊቱ እንደ ጨው ነጥቶ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበርና። አምስተኛው በርሜል ላይ ሲወርድ ግራ እግሩ እርካቡ ውስጥ ተያዘ። ሣህሉ "መጣሁ አባባ" ሲል ከገመዱ አጠገብ የቆመችው ታደለች ሰምታለች። እግሩ ግን ሸተት ብሎ ወጣ፤ የጀልባ ሠሪው ጫማ እርካቡ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሣህሉ ጫማውን ትንሽ አየው። ከዚያ በርሜሉን ሦስት ጊዜ መታና ባዶ እግሩን ብረቱ ውስጥ ከትቶ ወጣ። የቀሩትን ሦስቱን በአንድ ጫማ ጨረሰ። የመጨረሻውን እጅ ነሣና ከሜዳው ወጣ።

ሲኞር ብሩኖ ወረቀቱ ላይ ዜሮ ጻፈ። አቶ ተክለጻድቅ ወረቀቱን አይተው ወደ ባለ ምንሽሩ ዘበኛ ዞሩ።

"ፈረሱን ወዴት ልትወስዱት ነው?" አለ ሲኞር ብሩኖ።

"ደብዳቤው አለ። አልበቃም ብለዋል አይደል እንዴ?"

"ጋላቢው አልበቃም። ጋላቢ ወረደ፣ ዜሮ።" ሽማግሌው በርሜሎቹን በጣቱ ቆጠረ። "ፈረሱ ግን ስምንት ጊዜ ቆመ። የክበቡ አራት ፈረሶች ሰው ሲወጣባቸው ይሸሻሉ፤ አዲስ የሚማር ሰው ሁሉ አጥንቱን ነው የሚሰብሩት። ይሄ የሚንቀጠቀጥ ሰው ስምንት ጊዜ ሲወጣበት እንደ ድንጋይ ቆመ። እኔ ለሚፈራ ሰው ፈረስ ስፈልግ ሰባት ዓመቴ።"

አቶ ተክለጻድቅ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሣህሉ ይህን ሲሰማ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ቁጭ አለ፤ እንዲያው አሸዋው ላይ።

ባላምባራስ ጋጣ ተሰጠው። ሣህሉም ለሚፈሩ ሰዎች አወጣጥ እንዲያሳይ አብሮት ተቀጠረ፤ የመጀመሪያው ተማሪው ጸሐፊው ሙሉአለም ነበር፤ እሱም እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ሣህሉ መፍራቱን አልተወም። በየማለዳው እግሩን እርካብ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ያማትባል፤ ሰፊው ጫማ እስኪያልቅ ሌላ አላደረገም። ከክበቡ ወደ ከተማ ሲመጣ ደግሞ በነዳጅ ማከማቻው በኩል አያልፍም፤ እዚያ አራት መቶ በርሜል ተደርድሯል።

የጉግሱ ሠላሳ ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ሻይ ቤት ውስጥ አልተነሣም። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ግን ነገሩን ሰምቶ ኖሮ፣ "ስንት ሰው ጥለሃል አሉ?" ብሎ ጠየቀው።

ሣህሉ ሻዩን አማሰለ።

"አንድም አልጣልኩም" አለ። "ስምንት ጊዜ ወጥቻለሁ።"