ሌላ የለንም የተባለው ዘንግ

ቦሌ ሩዋንዳ ካለው ቢሯችን የተነሣሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መድረሻዬ ከቦሌ ለሚ ወዲያ ያለ አንድ የፌሮ ፋብሪካ ሲሆን፣ ጉዳዬ ደግሞ በፋብሪካው ምድጃ ላይ አዲስ የኦክስጅን መለኪያ መትከል ነበር። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ጉዞ ተብሎ የሚወራ አይደለም። ለእኔ ግን ብቻዬን የሄድኩበት የመጀመሪያ ሥራ ስለሆነ፣ ከዋዜማው ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መለኪያው ክንድ ተኩል የሚሆን ዘንግ ነው። አብዛኛው አካሉ ብረት፣ ጫፉ ነጭ ሴራሚክ። ጫፉ እሳቱ ውስጥ ሆኖ ነዳጁ ነድዶ ሲያበቃ የተረፈውን ኦክስጅን ይለካል። ምድጃውን የሚቆጣጠረው ማሽን ያንን ቁጥር እያየ አየር ሲበዛ ይቀንሳል፣ ሲያንስ ይጨምራል። አየር ካጠረው ነዳጁ በቅጡ አይነድም፤ ጭሱም ይጠቁራል። ይኸው ሴራሚክ ከሺህ ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይኖራል። በጥድፊያ ከገባ ወይም ከወጣ ግን የፈላ ውኃ ድንገት እንደተጨመረበት ብርጭቆ ይሰነጠቃል።

ይህን ሥራ ሁልጊዜ የሚሠሩት አለቃዬ ጋሽ ታደለ ነበሩ። ሰሞኑን ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ሐኪሙ እሳት ፊት እንዳይቆሙ ስለከለከላቸው ተራው ለእኔ ደረሰ። አንድ ዓይናቸው በፋሻ እንደተሸፈነ ቢሮው በር ድረስ ሸኙኝ።

«ሰብልዬ፣ ሌላ የለንም» አሉኝ። «ይቺ ከተሰበረች የሚቀጥለው መቼ እንደሚገባ እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«የድሮው አያስጨንቅሽ። እሱ የሞተ ነው፤ ጎትተሽ አውጪና ጣዪው። አዲሷን ግን አንድ ጣት ታህል ከገፋሽ በኋላ...»

«አሥር ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት። አውቃለሁ ጋሼ።»

ይህ የእሳቸው አሠራር ነው። ዘንጉን አንድ ጣት ይገፉና ጸሎቱን ረጋ ብለው አሥር ጊዜ ይደግማሉ፤ ከዚያ ሌላ ጣት። ሰዓት ያቻኩላል፣ ጸሎት ግን አያቻኩልም ይላሉ። እኔንም ፈሪ እያሉ ሲያሾፉብኝ ነው የኖሩት።

እስከ ጎሮ፣ ከጎሮም ወዲያ

የጠራሁት መኪና ሹፌር የአዲሷን ዘንግ ሳጥን ከኋላ ሊጭነው እጁን ዘረጋ። አይሆንም ብዬ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ጭኔ ላይ አጋደምኩት። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ ለስላሳ ስለነበር ትንሽ ተነፈስኩ። ከጃክሮስ በኋላ ግን የጭነት መኪናው በዛ፣ ከጎሮ ወዲያ ደግሞ ጉድጓዱ ተጀመረ። በእያንዳንዷ ጉድጓድ ላይ ሳጥኑን ወደ ላይ አነሣዋለሁ፤ ክንዴ ዛለ።

«ቀስ በል፣ በናትህ።»

«እህቴ፣ እኔ ስንት ነፍሰ ጡር ሐኪም ቤት አድርሻለሁ» አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ። «እንዳንቺ ቀስ በል ያለችኝ ግን የለችም።»

የምሄድበትን ፋብሪካ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ቤቱ እዚያው አካባቢ ነው። «ያ ጭሳሙ? የኛ ሰፈር እኮ ከሰዓት በኋላ ልብስ ማስጣት ትቷል። ጠዋት ደህና ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይጠቁራል።»

ሰማሁት። ነገር ግን ልቤ ሳጥኑ ላይ ስለነበር ያለኝን አላሰብኩበትም።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ትርሲት በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ሰላምታዋ አጭር ነበር። «የሰፈሩ ሰው ከስሶናል። የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ጥቁር ጭስ ካዩ ምድጃውን ያሽጉታል። ከታሸገ እነዚህን ሁሉ ሰዎች ወደ ቤታችሁ ሂዱ የምለው እኔ ነኝ» አለችና ወደ ግቢው አመለከተች። ግቢው ውስጥ ሰዎች እየተጠራሩ ብረት ይጎትታሉ።

ምድጃው ፊት

የምድጃው ፈረቃ ኃላፊ ሓጎስ ይባላል። ረጅም ነው፤ ቅንድቡን እሳት አሳስቶታል። ገና ከመድረሴ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

«ውስጡ ምሳ አለው?» አለኝ።

«አዎ፣ ሽሮ ነው። ጾመኛ ነኝ፣ በዘጠኝ ነው የምቀምሰው።»

«እሰይ፣ የኛ ወገን ነሻ! ካፌው በስድስት ያበላና በስምንት ይዘጋል። ጾሙ ከገባ ወዲህ እኛ ከቤት ቋጥረን ነው የምንመጣው። ስጪኝ፣ ከኛው ጋ አኖርልሻለሁ።» ሰማያዊ ምሳ ዕቃዬን ይዞት ሄደ።

መጀመሪያ የድሮውን ዘንግ ማውጣት ነበረብኝ። ጎትተሽ ጣዪው ተብያለሁ። ብሎኑን ፈትቼ ስይዘው ግን እጄ እምቢ አለ። ጫፉ ሴራሚክ እንደሆነ እያወቅኩ መጎተት አልሆነልኝም። አንድ ጣት ሳብኩና ጸሎቴን ጀመርኩ። ሠራተኞቹ ተያዩ።

«የሞተ ነው አልተባለም?» አለ ሓጎስ።

«ነው።»

«ታዲያ ለሬሳ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

ሳቁብኝ፤ እኔም አፈርኩ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው በዚያው አኳኋን አወጣሁትና እንዲበርድ ደረቅ አሸዋ ላይ አጋደምኩት።

ቀጥሎ አዲሷን ይዤ ቀረብኩ። የእሳቱ ወላፈን ፊቴን ሲልሰው ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። አንድ ጣት፣ አሥር አቡነ ዘበሰማያት። ስንተኛው ላይ እንደደረስኩ ሲጠፋኝ ከአንድ እጀምራለሁ። ላቤ ጓንቴ ውስጥ ተጠራቀመ። ከጎኔ የቆመው ሠራተኛ ከንፈሬን እያየ «ቅዳሴ ነው እንዴ?» ሲል፣ ሓጎስ «ዝም በል፣ አሥራት በኩራትህን ብታወጣ ይሻልሃል» አለው። ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ደነገጥኩ፤ እጄ ዘንጉን ሁለት ሦስት ጣት ያህል ባንዴ ገፋው። ጠቅ የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። የደወሉት ጋሽ ታደለ ነበሩ። «ቀስ እያልሽ ነው አይደል?» አሉኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም።

ዙሪያውን እሳት በማይበላው ጥጥ ደፍኜ፣ ሽቦውን አገናኝቼ፣ ለማነጻጸሪያ ንጹሕ አየር የምታስገባዋን ቀጭን ጎማ ሰካሁ። ቁጥሩ መጣ፤ ሦስት። የተፈለገው እሱ ነበር። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውም ለዓይን የማይታይ ሆነ። ወይዘሮ ትርሲት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔ ግን ያ ጠቅታ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ከማሳያው ፊት ሳልነሣ ተቀመጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቁጥሩ ተነሣ። አራት አለ፣ አምስት አለ፣ ሳያቆም ስምንት ገባ። ማሽኑ አየር በዛ ብሎ ስላመነ አየሩን ይቀንስ ጀመር። ወዲያው ከግቢው «ጭሱ! ጭሱ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ሰብሬዋለሁ አልኩ። ያቺ አንዲት ዘንግ፣ ሌላ የሌላት፣ በእኔ እጅ ተሰበረች። ተቆጣጣሪዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። ግቢው ውስጥ የሚጯጯሁት ሰዎች ነገ ጠዋት የት ይሄዳሉ? ለጋሽ ታደለስ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

ለማረጋገጥ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ሴራሚኩ ተሰንጥቆ ከሆነ በቀጭኗ ጎማ የሚገባው አየር በስንጥቁ እየሾለከ ቁጥሩን ያሳድገዋል። ስለዚህ ጎማዋን ለአፍታ ቆንጥጦ መያዝ ነው። ቁጥሩ ከተናጋ ተሰብሯል፤ ባለበት ከቆመ ደህና ነው። ጎማዋን በሁለት ጣቴ ያዝኳት፤ ግን መቆንጠጥ ፈራሁ። ካላወቅኩት ገና አልተሰበረም ብዬ ራሴን እያታለልኩ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ቆነጠጥኩ።

ስምንት። እንደገና አየሁ፤ ስምንት። ንቅንቅ አላለም።

ዘንጓ ደህና ነች። እንባዬ መጣ፤ ግን ለማልቀስም ጊዜ አልነበረም። እሷ ካልዋሸች ምድጃው ውስጥ የገባ እውነተኛ አየር አለ ማለት ነው። በየት ገባ? ምድጃውን እየዞርኩ መፈተሽ ጀመርኩ። በወዲያኛው ጎን፣ ከዘንጓ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሠራተኞች ብረቱ መቅላቱን የሚያዩባት አነስተኛ መስኮት አለች። ወለል ብላ ተከፍታለች። ደፏ ላይ አራት ምሳ ዕቃ ተደርድሯል። ከሁሉም ፊት፣ ለእሳቱ ቅርብ የሆነው፣ የእኔ ሰማያዊ ነበር። ሓጎስ እንዳያርብኝ በጉጠት ያዞረዋል።

«መጣሽ? ያንቺን አስቀድመናል፤ እንግዳ ነሽ» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ እዚህ ነው የምታሞቁት?»

«ታዲያ የት እናሙቅ?»

«ዝጋት! ቶሎ ዝጋት!»

ምሳ ዕቃዎቹን አንሥቶ መስኮቷን ገጠማት። ሮጬ ወደ ማሳያው ተመለስኩ። ስድስት፣ አምስት፣ ከዚያም ሦስት። ሓጎስ ተከትሎኝ ስለነበር አስረዳሁት፦ ምድጃው በተከፈተው መስኮት ከውጭ አየር ይስባል፣ አየሩ በመለኪያው አጠገብ ያልፋል፣ ማሽኑም አየር ተረፈ ብሎ ስለሚቀንስ እሳቱ ይታፈናል። እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ሰፈሩ የጠቆረው በኛ ሽሮ ነው በይኛ!»

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ፤ አንገታቸውን ወደ ጭስ ማውጫው ቀና አድርገው ቆሙ፤ ምንም ስላላዩ ሄዱ። ወይዘሮ ትርሲት ከነገ ጀምሮ ካፌው በዘጠኝ ሰዓትም እንዲከፈት አዘዘች። እኛ ግን የዛሬውን እዚያው ተቀምጠን በላን። የእኔ ምሳ ዳሩ አሯል፤ የእነሱ እንደቀዘቀዘ ነው። ሓጎስ ከቀዝቃዛው ጠቅልሎ ሲያጎርሰኝ እምቢ አላልኩም።

ወደ አያት

ቤቴ አያት ነው። በሚኒባስ ስመለስ አሸዋው ላይ የበረደው የድሮ ዘንግ በሳጥኑ ውስጥ ጭኔ ላይ ነበር። ለምን እንዳልጣልኩት እንጃ። ሰሚት ስንደርስ የሹፌሩ ወሬ ትዝ አለኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይጠቁራል ነበር ያለኝ። ፋብሪካው ለጋሽ ታደለ ቁጥሩ ከሰዓት በኋላ እየዘለለ አስቸገረን ብሎ የደወለው ጾሙ በገባ በሳምንቱ ነው። እሳቸውም በስልክ ሰምተው ሞቷል አሉ።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ሳፋ ውስጥ ሳሙና በጠበጥኩ። አረፋውን ሴራሚኩ ላይ ቀባሁት። የአየሩን መውጫ በጣቴ ደፍኜ በመግቢያው በአፌ ነፋሁ። ተሰንጥቆ ቢሆን አረፋው ይኮፈስ ነበር። ዓይኔን ሳላነሣ አየሁት። አንድም አልተኮፈሰም። ደጋግሜ ነፋሁ፤ ያው ነው። ጎትቼ አውጥቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የገደልኩት እኔ በሆንኩ ነበር።

ጠዋት ስነሣ ፍርሃቴን የትም ጥዬው ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ማታ ላይ ግን መጥፎ ባልደረባ እንዳልነበረ ገባኝ። ልቤን ቢያደክመውም እጄን አርግቶልኛል።

ለጋሽ ታደለ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያ የሞተው ዘንግ...»

«አልጣልሽውም እንዴ?»

«አልጣልኩትም። በአረፋ ፈተሽኩት። ደህና ነው።»

«እንዴት አድርገሽ አወጣሽው?» አሉኝ።

«እንደ አዲሷ። በአቡነ ዘበሰማያት።»

ፈሪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ሰብልዬ» አሉ፣ «እንግዲህ ሌላ አለን።»