ጨረቃ ላይ አንድ ኪሎ ዓሣ

ክፍል ውስጥ ማሳቅ እወዳለሁ፤ ጠባዬን አልደብቅም። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ተማሪዎቹ እንዳያንቀላፉበት አንድ መላ ያስፈልገዋል፣ የእኔ መላ ቀልድ ነበር። ሀዋሳ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ "የእሱ ክፍለ ጊዜ አያስተኛም" ሲባል እሰማና ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ለአሥረኛ ክፍሎች የማስተምረው ስለ መጠነ ቁስና ስለ ክብደት ነበር። መጠነ ቁስ ዕቃው በውስጡ የያዘው ቁስ ልክ ነው፤ የትም ብትወስዱት አይለወጥም። ክብደት ግን መሬት ዕቃውን የምትስብበት ኃይል ነው፤ የጨረቃ ስበት ደካማ ስለሆነ እዚያ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዞር ስል ዓይኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከተቀመጠች ልጅ ላይ አረፈ። እናቷ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ እንደምትሸጥ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ከሁሉም አብዝታ የምትጠይቀኝ እሷ ነበረች፤ መሐንዲስ መሆን እንደምትፈልግም ነግራኛለች።

"እስቲ አንቺ፣ እናትሽ አንድ ኪሎ ብላ የመዘነችውን ዓሣ ጨረቃ ላይ ወስዳ በራሷ ሚዛን ብትመዝነው ስንት ይመጣል?" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። "አንድ ኪሎ፣ ቲቸር።"

"በሉ እንግዲህ ጨረቃ ላይ ሱቅ ክፈቱ! እኔ እስካሁን ለማን ነው የለፋሁት?"

ክፍሉ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሷ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ "የጨረቃ ዓሣ ሻጭ" ይሏት ጀመር። በረንዳ ላይ ሲጠሯት ሰምቼ አልተቆጣሁም፤ እንዲያውም እውነቱን ልናገርና ቀልዴ ዕድሜ በማግኘቱ ደስ ብሎኛል። እጇን ዳግመኛ አላወጣችም። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገቡ ናቹራልን ትታ ሶሻል ሞላች።

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶብኝ ዓሣ ልገዛ አሞራ ገደል ወረድኩ። እናቷ አወቀችኝ። "ልጄን ያስተማሯት ቲቸር አይደሉም?" ብላ ሚዛኗን ሳብ አደረገች። ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነው። በአንዱ ሳህን ላይ ባለ አንድ ኪሎውን ብረት፣ በሌላው የተገፈፈውን ዓሣ አደረገች። ሳህኖቹ ተስተካክለው ቆሙ።

ስህተቴ ያን ጊዜ ታየኝ። ያን ቀን በሐሳቤ የነበረው ትምህርት ቤታችን ያለው ባለ ስፕሪንጉ ሚዛን ነው፤ እሱ ጨረቃ ላይ በእርግጥ አሳንሶ ያሳያል። ይኼኛው ግን ዓሣውን ከብረቱ ጋር ነው የሚያስተያየው። ጨረቃ ላይ ዓሣው ሲቀል ብረቱም በዚያው ልክ ይቀላል፣ ሳህኖቹም እንዲሁ እኩል ይቆማሉ። አንድ ኪሎ። "በራሷ ሚዛን" ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷም በየቀኑ ስለምታየው ሚዛን መለሰችልኝ። ከዚያ ሁሉ ተማሪ ትምህርቱ የገባት እሷ ነበረች፤ ያልገባኝ እኔ ነኝ።

እናትየዋ ሌላ ዓሣ አንስታ ጨመረችልኝ። "ይኼ ምርቃት ነው፤ ለልጄ ስለደከሙላት።" ተቀበልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ይህን ስንባባል ልጅቷ ከሐይቁ ውኃ በባልዲ ቀድታ መጣች።

"ልክ ነበርሽ፣ ስለ ሚዛኑ" አልኳት።

"አውቃለሁ፣ ቲቸር።"

"ታዲያ ለምን አላስረዳሽኝም?"

ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። "እርስዎም ሳቁ እኮ።"

ዳይሬክተሩን አነጋግሬ ወደ ናቹራል ላዛውርሽ ብዬ ለመንኳት። "ይቅርብኝ፤ እዚያ ያሉት እነዚያው የሳቁብኝ ልጆች ናቸው" አለችኝ።

ሰኞ ናቹራሎቹ ክፍል ገብቼ ሁለቱንም ሚዛን ሰሌዳ ላይ ሳልኩ። አምና ልጅቷ የመለሰችው ልክ እንደነበረ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በመሳቄም እንደበደልኳት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከዚያ ከኋላ አንዱ "የጨረቃ ዓሣ ሻጭ!" ሲል ክፍሉ እንደ አምናው አውካካ። ዝም በሉ ብዬ ጮህኩ፤ ማን ሊሰማኝ።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ሶሻሎቹ ተቀምጠዋል፤ እሷም ከመካከላቸው ናት። እኔ ይቅርታዬን የተናገርኩት በዝቅተኛ ድምፅ ነበር፤ እሷ ዘንድ የደረሰው ሳቁ ነው።