በበሬው ገንዘብ የተከደነ ቤት

የታሪክ ማኅበራችን ቤት ቆርቆሮ ሲመታ ጣሪያው ላይ እኔ ነበርኩ። ሚስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ በቦዩ ውስጥ መመታት የለበትም፤ አለዚያ ውሃ ያስገባል። ይህን አናጢዎች ሲሠሩ አይቼ ስለተማርኩ ሥራውን ለሌላ ሰው አልለቀቅኩም። የመጨረሻውን ረድፍ ስጀምር፣ ከታች መሰላል የያዘውን አጎቴን ለወሬ ያህል፣ «ለመሆኑ የቆርቆሮው ገንዘብ ከየት ተገኘ?» አልኩት።

«ከበሬው» አለኝ።

መዶሻው እጄ ላይ ቀረ።

እኛ ጊፋታን፣ የዘመን መለወጫችንን፣ ያለ ሥጋ አናከብርም። ወንዶች ለበሬ፣ ሴቶች ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ። የሰፈራችንን የበሬ ገንዘብ የሚይዘው አጎቴ ነው። የታሪክ ማኅበሩም ሊቀመንበር እሱ ነው።

«ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። የአባቶቻቸው ዕቃ አይደል የሚገባበት?»

የሚቀልድ መስሎኝ ቁልቁል አየሁት። አልቀለደም።

ጭንቀቱ ይገባኝ ነበር። የአባቶቻችን ዕቃ፣ ጋሻው፣ ትልቁ ከበሮና የቀንድ ጥሩንባዎቹ፣ ለዓመታት የተቀመጡት በአንድ የስልጤ ነጋዴ መጋዘን፣ ከጨው ጆንያ ጀርባ ነበር። ሰውየው ኪራይ ጠይቆን አያውቅም፤ አሁን ግን ቦታው ጠበበው። ማዘጋጃ ቤቱ ከሶዶ ዳር ቁራሽ መሬት ሲሰጠን፣ መስከረም ሳያልቅ ካልተከደነ ነጥቆ ለተደራጁ ወጣቶች እንደሚሰጠው አስጠንቅቆናል። ግድግዳውን በደቦ አቆምነው። የነሐሴ ዝናብ ግን ጭቃውን ከሥር ከሥሩ ይበላው ጀመር። አጎቴ ጠዋት ጠዋት እየሄደ የረገፈውን ምርጊት በእጁ መልሶ ሲለጥፍ አይቼዋለሁ።

ከዚያች ቀን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከበሬው አባላት መካከል አንድ አጠና ነጋዴ ነበር። ባለፈው ጊፋታ ሥጋው ሲከፋፈል፣ ጉበት ጎደለብኝ ብሎ ጎረቤቱን በዱላ ያባረረ ሰው ነው። በሱቁ በኩል ማለፍ ተውኩ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ «አጎትህ ዘንድሮ ወፍራም በሬ ሊያስገዛን ነው ወይስ ከሲታ?» ሲለኝ ሳቅኩለት መሰለኝ።

በሬ የሚገዛበት ቀን ደረሰ። ወንዶቹ ገመድ ይዘው፣ ወደ ተበላ ከተማ ገበያ ሊወርዱ አጎቴ በር ላይ ተሰበሰቡ። አጎቴ ኮቱን ለብሶ ወጣና፣ «ኑ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳያችሁ» አላቸው። ከኋላ ተከተልኩ።

የማኅበሩ ቤት ፊት ቆሞ ነገራቸው። እንደ ሠርግ ብሥራት ነበር የነገራቸው።

አጠና ነጋዴው ቤቱን ዞሮ አየው። «ቀንዱ በየት በኩል ነው?»

አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ አልሳቁም።

«ጋሼ፣ ይሄ በዳጣ ይበላል? ልጆቼን ቆርቆሮ ላብላቸው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የመታኸው አንተ ነህ አይደል? መሰላል አምጣ።»

አመጣሁ። አጎቴ «ተው ልጄ፣ ተው» ይላል፤ ሰውየው ግን ወጥቶ አንዱን ቆርቆሮ ገነጠለው። ሁሉንም ነቅለው ሊሸጡት እንደሆነ ገባኝ፤ መሬቱም አብሮ መሄዱ ነው። ይዞት ሲወርድ ግን ፀሐይ በሚስማሩ ቀዳዳዎች ገብታ ፊቱን አዥጎረጎረችው። ቆርቆሮውን አገላብጦ አየው።

«ይሄን ወንፊት ማን ይገዛኛል?»

መሬት ላይ ሲወረውረው እኔን የመታኝ ያህል ዘለልኩ።

«እንግዲያው በሬያችን ይሄ ቤት ነው። ቁልፉን ወዲህ በል!»

አጎቴ ከኮት ኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

በዚያ ጊፋታ ሰፈራችን ውስጥ ሥጋ አልነበረም። የሴቶቹ ቅቤ ጎመን ላይ ፈሰሰ። አጎቴ ከደጁ አልወጣም፤ እኔም በሩ በተንኳኳ ቁጥር ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው በሳምንቱ መጣ። ጣሪያው ላይ ያለውን ክፍተት አይቶ ሊጽፍ እስክሪብቶ ሲያወጣ፣ እኔ ከግድግዳው ጥግ ሆኜ አያለሁ።

«ይሄ ቤት የማን ነው? አላለቀም እኮ።»

«የኛ ነው» አለ አጠና ነጋዴው ከውስጥ ወጥቶ። «በሬያችንን ከፍለንበታል። ጥቂት ቁም፣ አሁን ያልቃል።» ያንኑ ቆርቆሮ ተሸክሞ ጣሪያው ላይ ወጣና ሰውየው ቆሞ እያየ መታው።

በዓመቱ አጎቴ ጥጆቹን ሸጦ ዕዳውን ከፈለ። ወንዶቹ ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ቁልፉን ግን አልመለሱም። ከበሮውና ጋሻው አሁን እዚያ ናቸው፤ የበሬው ስብሰባም እዚያው ነው። እንግዳ ሲመጣብን አጠና ነጋዴው ሱቅ ሄጄ የምቆመው እኔ ነኝ። ዛሬም ከመግባቴ በፊት ላቤን እጠርጋለሁ።

«ዕቃችንን ልታሳይ ነው?» ይለኛል፣ ቁልፉን እንደያዘ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንዳትነካካብን።»