የእናቴ ጉልበትና የእኔ «አይዋ»

ይህን ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለነፍስ አባታችን እንኳ። ንስሐ ስገባ ትንንሾቹን ደርድሬ እመለሳለሁ፤ ጓደኛዬን ማማቴን፣ በጾም ቸኮሌት መብላቴን። ትልቁን ግን እንደያዝኩት እወጣለሁ። እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ ስሙኝ። አማርኛ መጻፍ የለመድኩት ዘንድሮ ነው፤ ደስታዬ ልክ የለውም፣ ሁለተኛ ደብተር ጀምሬያለሁ! ግን እጄ ሲፈታ ቀድማ ልውጣ ብላ የታገለችኝ ይህችው ነገር ሆነች።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እኔና እማዬ ካርቱም፣ ዴም የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እማዬ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር አንድ ማዳም ቤት ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። አረብኛዋ ከሱቅና ከሪክሻ አያልፍም፤ ስለዚህ ወረቀት፣ ፖሊስ፣ ሐኪም ባለበት ሁሉ የእማዬ አፍ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ተሸክማ ደረጃ ስትወርድ አዳለጣትና በጉልበቷ ወደቀች። ክሊኒክ ስንደርስ ጉልበቷ ዳቦ አክሏል። ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ስንጥቁን አሳየኝና «ሳቡና» አለ። እኔም እንዳለ ወደ አማርኛ ገለበጥኩት።

«እማዬ፣ ሳሙናሽ ተሰብሯል ይላል።»

«የምን ሳሙና? የማዳሟን?» ያን ሁሉ ሕመም ይዛ ሳቀች። «የጉልበትሽ ሎሚ በይ እንጂ፣ አንቺ አረብ!» ለካ አረቦቹ ሳሙናንም የጉልበት ሎሚንም «ሳቡና» ነው የሚሉት።

ሐኪሙ ሳቃችንን እስክንጨርስ ጠብቆ አስረዳኝ። ሎሚዋ ለሁለት ተሰንጥቃለች፣ ቁርጥራጮቹ ግን ገና ብዙ አልተራራቁም። ነገሩን የሚለየው አንድ ፈተና ነው። በጀርባዋ ተኝታ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ እግሯን ቀጥ አድርጋ ካነሳች ጅማቱ ደህና ነው፣ ጀሶ ይበቃታል። ካላነሳች ጅማቱም ተበጥሷልና ኦፕራሲዮን ሆና ስብራቱ በሽቦ ይታሰራል፤ ከዚያ ወራት ቤት መቀመጥ ነው። ሕመሙ እንዳያታልለን ብሎ ማደንዘዣ ወጋት። «በይ አስሞክሪያት» ሲለኝ የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ይዘው ገቡና ሐኪሙ ከመጋረጃው ወዲያ ሮጠ።

እማዬ ሞከረች። ከንፈሯን ነክሳ ሞከረች። ጭኗ ተንቀጠቀጠ፤ ተረከዟ ግን ከአልጋው አልተላቀቀም።

«እምቢ አለኝ ልጄ። ንገሪው።»

«ያላ ያ ቢት፣ ረፈዐታ?» አለ ሐኪሙ ከመጋረጃው ወዲያ። አነሳችው ወይ ማለቱ ነው።

«አይዋ» አልኩ።

አዎ አልኩ። አላነሳችም፣ እኔ ግን አነሳች አልኩ። ለምን? ቢላዋ ፈርቼላት ነው ብላችሁ ታምኑኝ ነበር። አይደለም። ከዚያ በፊት እማዬን ወባ ሲይዛት ሁለት ሳምንት ማዳሟ ቤት ተክቻት ነበር። ደረጃውን ስወለውል እዚያው ፎቅ ላይ የምትኖር የክፍሌ ልጅ አየችኝ። ሰላም እንኳ ሳትለኝ እርጥቡን ረግጣ አለፈች። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስገባ ስሜ «ኸዳማ» ሆኖ ጠበቀኝ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ። እናም ሐኪሙ «ወራት» ሲል የታየኝ የእማዬ ጉልበት አይደለም፤ ያ መወልወያ ነው። በጀሶ ግን ቆማ መተኮስ ትችላለች። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በስንት ጊዜ ነው? አንድ «አይዋ» ለማለት በሚበቃ ጊዜ።

ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆማ ተኮሰች። ሲፈታላት በሁለቱ ስባሪዎች መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። እግሯን መዘርጋት አቃታት፤ ደረጃ ላይ ጉልበቷ ይከዳታል። ሐኪሙ ግራ ገብቶት አየኝ። ያን ቀን አንስታው ነበር አላልሽም ወይ አለኝ።

እማዬ እጄን ያዘችና «ምን አለ?» አለችኝ።

ከ«አይዋ» ይልቅ የሚያቃጥለኝ ይኼኛው ነው። «ቶሎ ስለረገጥሽበት ነው አለ» አልኳት።

አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? አፏ አይደለሁ? «አዬ እኔ ችኩሏ፣ የራሴ ጥፋት ነው» አለች። ኦፕራሲዮኑ ዘግይቶ ተደረገ፣ ሽቦውም ገባላት። አሁን ትሄዳለች፤ ጉልበቷ ግን ከግማሽ በላይ አይታጠፍም።

ይባስ ብላ ራሴን በራሴ ጎዳሁ ብላ ለነፍስ አባታችን ነገረቻቸው። የእኔን ኃጢአት እሷ ተናዘዘችልኝ! እሳቸውም ስግደት እንደማትችል አይተው ጸሎት ሰጧት። በስቅለት ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሳ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ዘንድሮ ጠጋ ብላ «የእኔንም ስገጂልኝ» አለችኝ። ሰገድኩላት። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ጉልበቴ እሺ ብሎ ታጠፈ። እሺ ማለቱ ነው ያስለቀሰኝ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች መንፈሳዊት መሰልኳቸው።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ሐኪም የሚያታልል አረብኛ፣ እናት የሚያታልል አማርኛ ያላት፣ እሷ ምን ልጅ ናት?

አሁን ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። እማዬ እግሯን ዘርግታ በሩ ላይ ተቀምጣለች። በደብተሬ ትኮራለች፤ ላገኘችው ሁሉ «ልጄ ደራሲ ሆነችልኝ» ትላለች። ቅድም «ምንድነው እንዲህ የመሰጠሽ? እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ። «ቆይ ልጨርስ» አልኳት። በአረብኛ ብጽፈው ይቀለኝ ነበር፤ ባነብላትም ግን አትረዳውም። በአማርኛ የጻፍኩት እንድትረዳው ነው። ይቅር በይኝ እላታለሁ፤ ይቅር ካላለችኝም እውነት አላት። ይህን ጨርሼ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ከመጀመሪያው መስመር አነብላታለሁ። ዛሬ የምገለብጥላት ቃል የለም።