ሳይነፋ የከረመ ዋሽንት

ማንጠግቦሽ አለነ ስትናደድ ትስቃለች። የማያውቃት ሰው ደስ ያላት ይመስለዋል። ደባርቅ ላይ አብራት አንድ ክፍል የተከራየችው ሊድያ ግን ያንን ሳቅ ስትሰማ ጫማዋን ፈልጋ ትወጣለች።

በዘንድሮው ሁዳዴ ሊድያ ብዙ ጊዜ ወጣች።

ማንጠግቦሽ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወላጆቿ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ገብስ ያርሳሉ። ዳባትም ትምህርት ቤት ሞልቷል፤ ደባርቅን የመረጠችው በከተማው ዋሽንት የሚያስተምር የኪነት ክበብ ስላለ ነው። ይህን ለአባቷ የነገረችው ከተመዘገበች በኋላ ነበር። አቶ አለነ አልጮኹም። ዱላቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛውረው፣

«ሴት ልጅ ሸምበቆ ስትነፋ አይቼ አላውቅም» አሉ። «የምትመረቂ ቀን መጥቼ እሰማሻለሁ። የሚሰማ ነገር ከሆነ ትቀጥያለሽ። ካልሆነ ጓዝሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ ከቤትሽ እየተመላለስሽ ዳባት ትማሪያለሽ።»

የምረቃው ዝግጅት ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው ተባለ። መለማመጃው ጊዜ እንዳለ ጾም ላይ ወደቀ። በቅበላው እሑድ የቤት አከራያቸው እትዬ እናናዬ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ።

«አንች ማንጠግቦሽ፣ ከነገ ጀምሮ ያ ነገር በኔ ግቢ እንዳይጮህ።»

«እትዬ፣ ዝግጅት አለብኝ እኮ።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ እንኳ አርፎ ይቀመጣል፣ አንች ትነፊያለሽ? እናናዬ ግቢ ሠርግ አለ ይበሉኝ?»

«ቀስ ብዬ ብነፋስ?»

«ቀስ ተብሎ የሚበላ ሥጋ አለ?»

ማንጠግቦሽ ሳቀች። ሊድያ ጫማዋን አነሳች።

ማንጠግቦሽ ወደ ክበቡ ሄደች። አሠልጣኙ ሰብስቤ አዳራሹን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ሲከት አገኘችው።

«በጾም ማን ይዘፍናል?» አላት። «እስከ ፋሲካ በጣትሽ ተለማመጅ። ጣት አይጾምም።»

እንደዚያ ሆነ። ከትምህርት ስትመለስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዋሽንቱን ከከንፈሯ ታስጠጋለች፤ ትንፋሿን ትይዛለች፤ አራቱን ቀዳዳ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ድምፁ ከጭንቅላቷ አይወጣም። ውኃ ስትቀዳ በጀሪካኑ እጀታ ላይ፣ ክፍል ውስጥ በእስክሪብቶዋ ላይ ጣቶቿ ይሮጣሉ። ሊድያ «ዲዳው ኦርኬስትራ» አለቻት። ጣቶቿ እየፈጠኑ ሲሄዱ ንዴቷም አብሮ ፈጠነ፤ ምክንያቱም ድሮም ችግሯ ጣቷ አልነበረም። ችግሯ ትንፋሿ ነበር። የዜማው ሦስተኛ ሐረግ ላይ ሁልጊዜ ያጥራታል። ትንፋሽን ደግሞ ሳይተነፍሱ ማሠልጠን አይቻልም።

አንድ ቀን ወደ ሊማሊሞ መውረጃ ወጥታ፣ ሰው የለም ብላ ነፋች። ሁለት ሐረግ ሳትጨርስ ከታች፣ ከገደሉ ሥር፣ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ማነሽ አንች? ጌታችን ተሰቅሎ አንች ታዜሚያለሽ?»

«ገና አልተሰቀለም» አለች ለራሷ። «ገና ሁለት ሳምንት አለው።» ጮክ ብላ ግን አላለችውም። ዋሽንቱን በሻርፕ ጠቅልላ ተመለሰችና ከጣሪያው ሥር ካለው ማገር ላይ ወሽቃ ተወችው። ከዚያ ወዲያ በባዶ እጇ ብቻ ተለማመደች።

ስህተቷ ይኼ ነበር። ሸምበቆ የሚኖረው በነፊው ትንፋሽ ነው፤ ያ እርጥበት ሲቀርበት ይደርቃል። የጣሪያው ቆርቆሮ ደግሞ ቀን ቀን ይግላል፣ ሲመሽ የደባርቅ ብርድ ያቀዘቅዘዋል። ፋሲካን ቤተሰቦቿ ዘንድ ውላ ስትመለስ ሻርፑን ፈታች። ዋሽንቱ ከአፉ እስከ ሁለተኛው ቀዳዳ ተሰንጥቆ ነበር።

ሳቀች፤ ሊድያ ስላልነበረች የሚወጣላት ሰው አልነበረም። እየሳቀች ሰብስቤ ዘንድ ደረሰች።

«ምንም አይደል» አለ ሰብስቤ ስንጥቁን በጥፍሩ እየዳሰሰ። «ድምፁን ከፍላሽ እለቅልሻለሁ። አንድ የጎንደር ልጅ ሲነፋ የተቀዳ ነው፤ ያው ዜማ፣ ያው አንቺ ሆዬ። አንች ጣትሽን ብቻ አንቀሳቅሺ።»

«ሳልነፋ?»

«ሁዳዴውን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር ታዲያ?»

«አባቴ እኔን ሊሰማ ነው የሚመጣ፣ ጋሼ።»

«ጥሩ ነገር ይሰማላ! ከዞን እንግዳ ይመጣል። አምና ማይክራፎኑ ሲያፏጭ የሳቁብኝ ይበቃኛል።»

ወጣች። መንገድ ላይ የያዛት ንዴት ግን በሰብስቤ ብቻ አልነበረም። ጣቷን ብታንቀሳቅስ አባቷ ያን የጎንደር ልጅ ሰምተው «ቀጥይ» ይሏታል፤ እሷም ደባርቅ ትቀራለች። ነገሩ ቀላል ነበር። ልቧም ፈልጎት ነበር። እሱ ነው ያንገበገባት።

ቤት ገብታ ከእትዬ እናናዬ መስኮት ላይ በትንሣኤ ሌሊት ነዶ የተረፈውን ጧፍ አነሳች። ስንጥቁን በክር ጠመጠመችው፤ ሰሙን አቅልጣ በላዩ አፈሰሰች። እትዬ እናናዬ ደረሱባት።

«የትንሣኤን ጧፍ! ለዋሽንት!»

«አትንፊ ብለው አደረቁብኝ። ጧፉ ካሳ ይሁነኝ።»

«ምላስሽ እንደሱ በተሰነጠቀ!»

ጧፉን ግን አልቀሟትም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እንግዶቹ ፊት ለፊት፣ ገበሬው ከኋላ፣ አቶ አለነ ከመካከል፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው አገጫቸውን አስደግፈዋል። ሊድያ ከክበቡ ጨፋሪዎች ጋር እስክስታዋን መትታ ወረደች። ማንጠግቦሽ ወጣች።

ዋሽንቱን ከከንፈሯ ሳታደርስ ድምፁ ጀመረ። ከግራም ከቀኝም ከድምፅ ማጉያው ፈሰሰ፤ ንጹሕ፣ ረጅም፣ ትንፋሽ የማያጥረው። ዋሽንቱን ከአፏ አስጠጋች፤ ጣቶቿ ሳታዛቸው ተከተሉት። አንድ ቦታ እንኳ አልሳቱም። ሁዳዴ ለዚህ ነበር ያዘጋጃት። አባቷ አገጫቸውን ከዱላው አንስተው ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ሦስተኛው ሐረግ መጣ፤ እሷን የሚያንቃት ሐረግ እንደ ውኃ አለፈ።

እዚያ ላይ ዋሽንቱን ከአፏ አላቀቀች። ዝቅ አድርጋ ከጎኗ ያዘችው።

ዋሽንቱ መነፋቱን ቀጠለ።

ሰው መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ከኋላ አንዱ፣

«በስመ አብ! ብቻውን ይነፋል እንዴ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«አንሽው! አንሽው እንጂ!» ይላል ሰብስቤ ከመጋረጃው ሥር። አላነሳችውም። ፊቷ እሳት መስሎ ቆመች። በመጨረሻ ድምፁ ተቆረጠ።

«አሁን እኔ ነኝ» አለችና ነፋች።

መጀመሪያ የወጣው ነፋስ ብቻ ነው። ቀጥሎ ጉንፋን የያዘው አውራ ዶሮ የመሰለ ነገር ወጣ፤ ደግመው ሳቁ። ሰሙ ሲሞቅ ይሁን ከንፈሯ ሲረጋ፣ ቀስ እያለ ዜማው መጣ፤ ሻካራ ነው፣ ግን ዜማ ነው። ሦስተኛው ሐረግ ላይ ትንፋሿ እንደ ልማዱ አጠረ። ቆመች፤ ሳበች፤ ካቆመችበት ቀጠለች። ስትጨርስ ሊድያ ብቻዋን አጨበጨበች። ዘግይቶ ከኋላ ጥቂት ሰው ተከተለ። እንግዶቹ ስልካቸውን ያያሉ።

ሰብስቤ በር ላይ ጠበቃት።

«አዋረድሽኝ! ይኼ ክበብ እኔ እስካለሁበት ድረስ አንችን አያይም፤ ሰማሽ?»

«ሁዳዴ እኮ አልፏል፣ ጋሼ» አለችው። «እኔ ፈስኬአለሁ።»

ከአባቷ ጋር ወደ ሚኒባሱ መናኸሪያ ሄዱ። አቶ አለነ መንገድ ላይ፣

«የፊተኛው ይሻል ነበር» አሉ።

«እሱ እኔ አይደለሁም።»

«አየሁ እኮ። ዓይን አለኝ።» በዱላቸው መሬቱን ቆረቆሩ። «መምህርን በሰው ፊት እንዲያ አይደረግም።»

«ሰውን በሌላ ሰው ትንፋሽስ ማታለል?»

አቶ አለነ ዋሽንቱን ተቀበሏትና የጧፉን ሰም በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ሳይነፋ ከርሞ ነው አይደል? እኔም ቤት ብትሆኝ አላስነፋሽም ነበር።»

«እና ልመለስ?»

«በተሰነጠቀ ሸምበቆ ፍርድ አይሰጥም። ቆላ የሚወርድ ሰው ሳገኝ ሌላ አስመጣልሻለሁ። እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለም። ያኔ ነይና፣ ያን የምትታነቂበትን ቦታ ሳትታነቂ ንፊልኝ። ከዚያ እነግርሻለሁ።»

ሚኒባሱ ሄደ። ማንጠግቦሽ በቆመችበት ቀረች። ቁርጧን ነበር የፈለገችው፤ እሺ ወይም እንቢ። ያገኘችው ሌላ ቀጠሮ ነው። አሠልጣኝ የላት፣ አዳራሽ የላት።

ግቢ ገብታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሦስተኛውን ሐረግ ብቻ ነፋች። አጠራት። ደገመችው። እትዬ እናናዬ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ብቅ አሉ።

«አንች ልጅ፣ ዛሬ ምን...» አሉና አፋቸውን ያዙ። የሚከለክሉበት ጾም በዓይናቸው ፈለጉ፤ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ረቡዕም ዓርብም የለ። «በይ እሱን ቦታ አስተካክለሽ ንፊው እንግዲህ! ጆሮዬን በላሽው!»

ሊድያ ጫማዋን ይዛ ከውስጥ ወጣች፤ ሳቁን ጠበቀች።

ማንጠግቦሽ አልሳቀችም። አየር ሳበችና ከመጀመሪያው ጀመረች።