ጅብራ ሆነን የቆምንበት በጋ

በዚያ ጠዋት መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የነበርነው ጥቂት ነበርን። ጡረታ የወጡት መምህር ከዘራቸውን ባሕር ዛፉ ላይ አስደግፈው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ባልና ሚስት ነጋዴዎች ጎን ለጎን ሆነዋል። ውኃ ማጠራቀሚያው ጥግ፣ ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበትን ቦታ ጎረቤቴ አስናቀች ይዛለች። እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ፤ ካልተመቸኝ ማንንም ሳልረብሽ ለመውጣት። መሀላችን ላይ ወጣቷ የጤና ባለሙያ ቆማለች።

«ይኼ ቺጎንግ ይባላል፤ የቻይናዎች የጥንት እንቅስቃሴ ነው» አለች፣ ለእኔ ለአዲሷ ስትል። «እግራችሁን ከፈት፣ ጉልበታችሁን ላላ አድርጉት። እጃችሁ ትልቅ ነገር ያቀፈ ይምሰል። ከዚያ ዝም ብሎ መቆም ነው፤ ትንፋሽ ብቻ በቀስታ።»

ቆምን። ጥቂት እንደቆየን አስናቀች አላስቻላትም።

«ምነው ይቺ ልጅ እንደ ጅብራ ገትራን ቀረች!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ከንፈሬን ሸሸግ አድርጌ ሳቅሁ። ጅብራ በጓሳ ሜዳ ላይ ለብቻው ቀጥ ብሎ የሚቆም ረጅም ተክል ነው፤ በእኛ አገር ሥራ ፈቶ የተገተረ ሰው በእሱ ይሰደባል። ስድቡን በየቀኑ እንሰማዋለን። በዚህ አቋቋም ላይ ሲሰደብበት የሰማሁት ግን ልጅ ሳለሁ ነው፤ እናቴ በሕይወት ሳለች።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ከመሐል ሜዳ ወደ ቤታችን ተመልሼ ነበር። ቤታችን ቀየት ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። የፈተና ውጤት እጠብቃለሁ፤ እስከዚያው ገብስ እፈትጋለሁ፣ የበግ ሱፍ አባዝታለሁ። እናቴ አስካለ በክረምቱ ከያዛት ንዳድ ተርፋ ተነሥታ ነበር፤ እግሯ ግን ከዳት። ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። የከበዳት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴ እንደሚታወቀው በቁም ነው። እሷ ግን በሴቶች በር በኩል ካለው ግንብ ሥር፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታስቀድስ ጀመር። በሽተኛ ቢቀመጥ የሚከለክለው የለም። ቢሆንም ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ባለ ቁጥር አንገቷን ትደፋ ነበር። ከዚህ ሌላ ስለ ሕመሟ ስታማርር አልሰማኋትም።

ለቀየት ክሊኒክ አዲስ ነርስ የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። ሲስተር አልማዝ እንላታለን። አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ከቻይና ሐኪሞች ጋር ሠርታ ስለነበር ይህን አቋቋም ከእነሱ ተምራለች። እናቴን መርምራ ቫይታሚን ሰጠቻትና አስነሥታ አቆመቻት።

«እንደ ዛፍ ይቁሙ፣ እትዬ አስካለ።»

«ዛፍ የት አይቼ፣ ልጄ? እዚህ ያለው ጅብራ ነው።»

«እንግዲያው እንደ ጅብራ ይቁሙ። እጅዎ እንስራ እንዳቀፈ ይሁን። ጠዋት ጠዋት፣ ሳያቋርጡ።»

እናቴ ሁለት ሦስት ጠዋት ከጓሮ ቆመችና ተወችው። ብጠይቃት፣ «ብቻዬን ባዶ አቅፌ ስቆም እብድ እመስላለሁ» አለች። እውነቷን ነበር። በእኛ አገር ብቻውን የሚሠራ ነገር ዕድሜ የለውም። አጨዳውም፣ አረሙም፣ ሐዘኑም በሰው ነው።

መላውን ያመጣችው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ናት። ምላሷ እንደ ማጭድ ነው፤ ሰው ሲቸገር ግን ሳትጠራ ትደርሳለች። አንድ ጠዋት እንዝርቷን ይዛ ከተፍ አለችና፣ «ወንፈል ገብተንልሻል» አለች። ወንፈል ዛሬ ለእኔ ብትሠራ ነገ ለአንተ እሠራለሁ የሚሉበት ደንብ ነው።

«ምን ልታጭጂልኝ ነው?» አለች እናቴ።

«ምንም። አብረንሽ ልንገተር። አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ሱፋችንን ትፈትያለሽ።»

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። አመዳዩ ከገለባው ላይ መቅለጥ ሲጀምር ሴቶቹ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው አውድማው ላይ ይሰበሰባሉ። ሲስተርም ወደ ክሊኒክ ስትሄድ ጎራ ትላለች። አውድማው ገላጣ ቦታ ላይ ስለሆነ ነፋሱ ያገኘናል፤ ግን ደልዳላ ነው፣ ፀሐይም አይነፍገንም። እንቆማለን። የሚሰማው የበጎች ደወልና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን ሱፍ እንፈትላለን። የቀረች ሴት ብትኖር እናቴ ራሷ፣ «እከሊት ወንፈል ቀርቶባታል» ብላ ታስጠራታለች። አገሩ ደግሞ ስም አወጣልን። ጓሳ ሣር በፈረስ ጭኖ በመንገድ ያለፈ አንድ ጎልማሳ፣ «የጅብራ ማኅበር! ምን ተገትራችኋል?» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ብርቄ እጇን ሳታወርድ፣ «ጅብራስ ቢሞትም ቆሞ ነው! አንተ ነህ ተጋድመህ የምትሞት!» አለችው። ፈረሱ እንኳ የሳቀ መሰለኝ።

መምሬ ደስታም ወሬ ሰምተው መጡ። የነፍስ አባታችን ናቸው። ጥግ ላይ ሆነው አይተውን ሲያበቁ ሲስተርን ጠየቁ።

«ይኼ ስግደት ለማን ነው?»

«አይሰገድም መምሬ። መቆም ብቻ ነው።»

«ያለ መቋሚያ?»

«ያለ መቋሚያ።»

መቋሚያቸውን ለእኔ አቀበሉኝና ጥቂት ሞከሩት። ከዚያ ተቀብለውኝ፣ «ይኼስ ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ክፋት የለውም» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የተናገረን የለም።

ፋሲካ አልፎ በአንድ እሑድ እናቴ ድንጋዩን አልፋ ሄደች። ከሴቶቹ መሀል ቆመች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ተረከዟን አያለሁ። እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን ላላ አድርጋ ነበር። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ እስኪያሰናብት ድረስ አልተቀመጠችም። ስንወጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን አሁን አልገልጸውም። እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ «ይኼ ነፋስ!» ትል ነበር። ነፋስ አልነበረም።

እናቴ በግንቦት ልደታ ደገሰች። ንፍሮው ተቀቀለ፣ ዳቦው ተደፋ፣ የገብስ ጠላው ወጣ። አውድማው ላይ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ነበሩ። እናቴ ተነሥታ ማርያምን አመሰገነች፣ ሴቶቹንም መረቀች፤ ከዚያ፣ «እንግዲህ ተፈጸመ። ወንፈላችሁን ጨርሳችሁልኛል» አለች። እልልታው ቀለጠ።

ሲስተር አልማዝ ዋንጫዋን አስቀምጣ፣ «እትዬ አስካለ፣ ነገም ይቁሙ እንጂ» አለች። «ይኼ እንደ እህል ነው። በልተው ሲጠግቡ አይተውትም።»

«ልጄ፣ የዳነ ሰው ጠበል ቦታ ይከርማል?»

ሰዉ በመልሱ ተደሰተ፤ ሲስተርም አብራ ሳቀች። ዳቦ እያዞርኩ ነበር፤ እኔንም ከሲስተር ይልቅ የእናቴ ንግግር ጣመኝ። በእኛ ዘንድ ፈውስ የሚመጣው እንደዚያ ነው፤ ይጠመቁታል፣ ይድናሉ፣ አመስግነው ወደ ቤት ይገባሉ። ማናችንም ምስጋና በር ሊዘጋ ይችላል ብለን አላሰብንም።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ዝናብና ጉም ሆኖ ሰው ከቤቱ አልወጣም። ሲስተር ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። መስቀል ሲያልፍ እናቴ ግድግዳ መያዝ ጀመረች፤ በኅዳር ድንጋዩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

እትዬ ብርቄ መጣች። «ተነሺ፣ ወንፈሉን እንመልሰው።»

«ያመሰገንኩበትን ተመልሼ ልለምን? አልዳንኩም ልበላት? ማርያም ምን ትለኛለች?»

«ማርያምማ ምንም አትልሽ። የምትይው አንቺ ነሽ።»

እናቴ እንዝርቷን አነሣች። በእሷ ዘንድ ያ መልስ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ስወጣ እትዬ ብርቄ አውድማው ላይ ብቻዋን ቆማለች። ፊቷን ወደ ቤታችን አድርጋ፣ እጇን እንስራ እንዳቀፈ ሰው ዘርግታ። አልተጣራችም። እናቴ በበሩ በኩል አየቻት፤ ረጅም ጊዜ አየቻት። «እማዬ፣ ልያዝሽ?» አልኳት። «ብርድ ነው» አለችኝ። ብርዱ ካለፈው ዓመት የተለየ አልነበረም። እትዬ ብርቄ ብዙ ጠዋት እንዲያ ቆመች። አንድ ቀን ግን አልመጣችም። እኔ ደብረ ብርሃን ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ ድንጋዩም የአስካለ ድንጋይ ተብሎ ቀረ።

አንዳንዴ ስለ ጓሳ ሣር አስባለሁ። አባቶቻችን ደንብ አውጥተው ይከልሉታል፤ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል፣ ቤት ይከደንበታል፣ እግዜር ይመሰገናል። ከዚያ እንደገና ይከለላል። ታጨደ ብሎ ተፈጸመ ያለ ሰው የለም። ይህን እናቴም ታውቅ ነበር፤ ሣሩን ከማንም ይልቅ ታውቀው ነበር። በጊዜው በሣሩ መስሎ የሚነግራት ሰው አልተገኘም። እኔም ያሰብኩት ካረጀሁ በኋላ ነው።

ባለሙያዋ፣ «በቃ፣ እጃችሁን አውርዱ» ስትለን አስናቀች ጉልበቷን እያሻሸች ወደ እኔ መጣች። ከእኔ በፊት ስትመላለስ ከርማለች።

«እኔስ ድኛለሁ፣ እናት ዓለም። ለኪዳነ ምሕረት ዳቦ ደፍቼ ልሰናበታችሁ ነው።»

«ዳቦውን ድፊ» አልኳት። «በነጋታው ግን ነይ።»

«በነጋታው ምን አለ?»

«እኔ እቆማለሁ።»

ነጠላዬን አጣፍቼ በበሩ ወጣሁ።