ትህትና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሠራችበት ክረምት

የልጅ ልጄ ትህትና የወረቀቶቹን ጫፍ አስተካክላ በወስፌ በሳች፣ ክር አሾለከች፣ ቋጠረች። መቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለተግባር ልምምድ ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዋ መዝገብ መስፋት ብቻ ነበር።

«አራት ዓመት ሕግ ተምረሽ ልብስ ሰፊ ሆነሽ አረፍሽው?» ትላታለች የመዝገብ ቤቷ መሲ።

«ምናለ፣ ሳልመረቅ ሙያ ያዝኩ» ትላለች ትህትና።

ደስተኛ ልጅ ናት። ጠዋት በባጃጅ ትሄዳለች፣ ማታ ጭቃ በጭቃ ሆና ትመለሳለች፤ ስለ ቢሮ ጉዳይ ግን ትንፍሽ አትልም። አሁን የምነግራችሁንም የነገረችኝ እሷ አይደለችም። ከኡካ ለገበያ ስትመጣ እኔ ቤት የምታርፈው ዲንቃ ናት፣ ያውም መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ።

በዚያ ሰሞን አብደታ የሚባል ተሸካሚ፣ የቡና መጋዘን ሰብሮ ሰርቋል ተብሎ ሦስት ሳምንት ታስሮ ነበር። አየሁት ያለችው ምስክር ዲንቃ ብቻ ናት። ክሱ ሊመሠረት አንድ ቀን ሲቀረው ዐቃቤ ሕጉ አቶ ደበሳ ዲንቃን ቢሮ አስመጥተው፣ ትህትናን ጠርተው፣ «የሰጡትን ቃል አንብቢላቸው፣ ልክ ነው ካሉ በቃ» አሏት።

ዲንቃ ማንበብ አትችልም። ለፖሊስ በሰጠችው ቃል ሥር ያለው የአውራ ጣቷ አሻራ ነው። ትህትና በኦሮምኛ ታነባለች፣ ዲንቃ በየመሀሉ «ኤዬ» እያለች አዎንታዋን ትሰጣለች። አብደታ በሩን ሲሰብር አየሁት የሚለውም ላይ «ኤዬ» አለች። ትህትና ገጽ ገለጠች። ገጹ ጠዋት ስትሰፋ የተቀላቀለባት የሌላ ሰው መዝገብ ነበር። ሳታስተውል፣ «በሬዬ ከግጦሽ ላይ ተሰረቀብኝ» ብላ አነበበች።

«ኤዬ» አለች ዲንቃ።

ትህትና ቀና አለች። «አዴ ዲንቃ፣ በሬ አለዎት እንዴ?»

«በሬ ከየት አምጥቼ ልጄ?»

«ታዲያ ለምን ኤዬ አሉኝ?»

«ቢሮ ተቀምጠሽ፣ እንዲህ ደክመሽ እያነበብሽልኝ፣ እንዴት ውሸት ነው ልበልሽ?»

ትህትና መዝገቡን ከደነችው። «በሉ አሁን እኔ ዝም ልበል፣ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ዲንቃም ነገረቻት። በሩ ቀድሞ ተሰብሮ ነበር። አብደታ ዝናቡ ቡናውን እንዳያበሰብሰው በሩን እየገፋ ሲዘጋና ሰው ሲጣራ ነው ያየችው።

ትህትና ይህን ለአቶ ደበሳ ለመናገር ገጽ ማቀላቀሏንም መናገር ሊኖርባት ነው። ሁለቱንም ተናገረች። አቶ ደበሳ መነጽራቸውን አውልቀው ዲንቃን እንደ አዲስ ጠየቁ።

«ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?»

«ተናግሬያለሁ። እነሱ ሲጽፉ ምን እንደጻፉ እኔ በምን ላውቅ? ጣትሽን አሉኝ፣ ሰጠኋቸው።»

ክሱ ቀረ፤ መዝገቡ ለተጨማሪ ምርመራ ተመለሰ። የአብደታን ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶች ተጠይቀው እሱም በሳምንቱ ተፈታ። ትህትናን ግን አቶ ደበሳ፣ «አንቺ ደግሞ ያን በሬ ለባለቤቱ መልሺ» ብለው ወደ ወስፌዋ ላኳት።

ዛሬ ተመርቃ እዚሁ አካባቢያችን ባለው ቡሬ ትሠራለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስልሳ ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ጣቴን ያሳረፍኩባቸው ወረቀቶች ምን እንደሚሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ እባካችሁ፣ ማንበብ የማይችል ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ሲነክር ካያችሁ አንድ ጊዜ አስቁሙልኝ። አንብባችሁለት ብቻ አትለፉ፤ ነገሩን በራሱ አፍ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።